ሴንትራል ፓርክን በብስክሌት መዞር፦ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መደበኛ ልምምድ

ኒውዮርክ ውስጥ ብስክሌት መንዳት የሚያምረው ሐበሻ መጀመሪያ የሚያነሳት ጥያቄ አንድ ናት፦ «መኪናውስ?» እውነቱን ነው። የማንሃተን ጎዳና ቀልድ አያውቅም። ታክሲው፣ አውቶቡሱ፣ ድንገት ከጎን የሚከፈተው የመኪና በር፣ ሁሉም ያስጨንቃል። ግን እዚያው ከተማው መሃል የግል መኪና የማይገባበት፣ ወደ 10 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዙሪያ ገጠም አስፋልት አለ። ሴንትራል ፓርክ ነው።

ይህን የምጽፈው ብስክሌት ላይ ሚዛኑን መጠበቅ ለሚችል፣ ፓርኩን ግን ዞሮት ለማያውቅ ሰው ነው። ከጉልበት በፊት መንገዱን ማወቅ ይቀድማል። ዳገቱ የት እንደሚጀምር፣ ሰው የት እንደሚሻገር፣ ፍሬን የት እንደሚያዝ ያወቀ ሰው እግሩ ደካማ ቢሆንም ደስ ብሎት ይወጣል። ሳያውቅ የሚሮጥ ጎበዝ ግን ራሱንም ሌላውንም ይጎዳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ለመማር ብቻ ዙሩት። ሰዓት አትያዙ፣ ከማንም ጋር አትወዳደሩ።

ሰዓት ስጠቅስ በእኛ አቆጣጠር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ ግን የፈረንጅ ናቸው።

1. ፓርኩን በአእምሯችሁ ሳሉት

ፓርኩ በደቡብ ከ59ኛ ስትሪት ይጀምርና በሰሜን 110ኛ ስትሪት ላይ ያልቃል። በምሥራቅ ፊፍዝ አቬኑ፣ በምዕራብ ሴንትራል ፓርክ ዌስት ያዋስኑታል። ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 800 ሜትር ገደማ ነው። ብስክሌት የሚዞርበት መንገድ በምሥራቅ በኩል ኢስት ድራይቭ፣ በምዕራብ በኩል ዌስት ድራይቭ ይባላል። ሙሉ ዙሩ 6.1 ማይል፣ ማለትም 9.8 ኪሎ ሜትር ነው።

አቅጣጫው አንድ ብቻ ነው። በምሥራቅ ወደ ሰሜን ትወጣላችሁ፣ በምዕራብ ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ። ዘወትር የምትታጠፉት ወደ ግራ ነው። በተቃራኒ መንዳት ክልክል ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኩርባ ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሳታዩት ትላተማላችሁ። የምትፈልጉት ቦታ ካለፋችሁ ወደ ኋላ አትመለሱ። ወርዳችሁ ብስክሌቱን በእግረኛ መንገድ እየገፋችሁ ሂዱ።

ሙሉውን መዞር ግዴታ አይደለም። ሁለት አቋራጮች አሉ። አንዱ 72ኛ ስትሪት ላይ ነው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያሻግራችሁና የደቡቡን ትንሽ ዙር ይሠራላችኋል። ርዝመቱ 1.7 ማይል፣ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው 102ኛ ስትሪት አካባቢ ያለው ነው። እሱን ከያዛችሁ የሰሜኑን ትልቅ ዳገት ታልፉታላችሁ፣ ዙሩም ከ8 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ለጀማሪ እነዚህ ሁለት አቋራጮች ትልቅ ጸጋ ናቸው።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ። ፓርኩን በ65ኛ፣ በ79ኛ፣ በ86ኛ እና በ97ኛ ስትሪት የሚሰነጥቁ ሌሎች መንገዶችም አሉ። ከመሬት ዝቅ ብለው፣ በድንጋይ ግድግዳ መሃል የሚሄዱ ናቸው። ፓርኩን የነደፉት ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ እና ካልቨርት ቮክስ በ1858 ባቀረቡት ፕላን ያሰቧቸው ናቸው። ጋሪና ፈረሰኛ ፓርኩን ሲያቋርጥ የሚዝናናውን ሰው እንዳይረብሽ ብለው መንገዱን ወደ ታች ቀበሩት። ዛሬ ላይ ስታዩት ብልሃታቸው ይደንቃል፤ መኪናው ከሥራችሁ ሲያልፍ ላታውቁት ሁሉ ትችላላችሁ። እነዚያ የመኪናና የአውቶቡስ መንገዶች ናቸው። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ አቋራጭ ነው ብሎ ቢያሳያችሁም በብስክሌት አትግቡባቸው።

ከላይ ያለው የብስክሌት መንገድ ራሱ ለብዙ ዓመታት መኪና ነበረበት። ነዋሪው ለአሥርተ ዓመታት ሲታገል ቆይቶ፣ በሰኔ 2018 ሙሉ በሙሉ ከመኪና ነፃ ሆነ። ብሩክሊን ያለው ፕሮስፔክት ፓርክ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ቀድሞታል። ብሩክሊን የምትኖሩ ከሆነ እዚያ መጀመርም ጥሩ ነው፤ ዙሩ 5.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፓርኩ ሠራተኞች መኪና፣ ፖሊስና አምቡላንስ ግን አሁንም ይገባሉ። መንገዱ የእኔ ብቻ ነው ብላችሁ አትዘናጉ።

2. ብስክሌቱና ዕቃው

ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። ማርሽ ያለው፣ ፍሬኑ የሚይዝ፣ ቁመታችሁን የሚመጥን ይበቃል። ማርሽ የሌለው ለደቡቡ ትንሽ ዙር ይሆናል፤ ለሙሉው ዙር ግን ሰሜን ላይ ያለው ዳገት ያስቸግራችኋል።

የራሳችሁ ከሌላችሁ ሁለት አማራጭ አላችሁ። የመጀመሪያው ሲቲ ባይክ የሚባለው፣ በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ የምታዩት ሰማያዊ ብስክሌት ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡን ቀድማችሁ አስቡት። የአንድ ጉዞ ክፍያ 30 ደቂቃ ነው፤ ዓመታዊ አባል ከሆናችሁ 45 ደቂቃ። ከዚያ ካለፈ በየደቂቃው ይቆጥራል። ብስክሌቱ ከባድ ስለሆነ ጀማሪ ሙሉውን ዙር በ30 ደቂቃ አይጨርስም። ማቆሚያዎቹ ያሉት በፓርኩ ዙሪያ ባሉት ጎዳናዎች ላይ ነው። ስለዚህ የቀን ፓስ ግዙና፣ መሃል ላይ ወጥታችሁ አንዱን መልሱ፣ ሌላ ውሰዱ።

ሁለተኛው ከኪራይ ሱቅ መውሰድ ነው። የፓርኩ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ላይ ባለው ኮለምበስ ሰርክል አካባቢ ብዙ አሉ። መንገድ ላይ ካርድ ይዘው «ባይክ ሬንት!» እያሉ የሚጠሯችሁ ሰዎች ከሚነግሯችሁ ዋጋ ጋር ወዲያው አትስማሙ። ሱቁ ድረስ ሄዳችሁ ዋጋው የስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ሄልሜትና ቁልፍ እንደሚጨምር፣ ብታዘገዩ ስንት እንደሚያስከፍሉ ጠይቁ። ስትረከቡ ብስክሌቱን ከሁሉም ጎን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የቆየ ጭረት በእናንተ እንዳይላከክ ይረዳችኋል።

የተከራያችሁትም ሆነ የራሳችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ጎማውን በአውራ ጣታችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑት። ጎድጎድ ካለ አየር ይፈልጋል። ስንት መሆን እንዳለበት ጎማው ጎን ላይ ፒኤስአይ በሚል ተጽፏል። ቀጥሎ የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊት ግፉት፤ የኋላው ጎማ መነሳት አለበት። የኋላውን ይዛችሁ ግፉት፤ ጎማው ሳይሽከረከር መጎተት አለበት። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ብስክሌት ላይ የግራ እጅ የፊት ፍሬን፣ የቀኝ እጅ የኋላ ነው። ሌላ አገር የለመደ ሰው ይህን አጥብቆ ያስተውል። ቁልቁለት ላይ በድንጋጤ የፊቱን ብቻ ጨምድዶ የያዘ ሰው በመሪው ላይ ተወርውሮ ይወድቃል።

የመቀመጫው ከፍታ ብዙ ሰው ቸል የሚለው ነገር ነው። ዝቅ ያለ መቀመጫ ጉልበትን ይጨርሳል። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ፔዳሉን ወደ ታች ጫፍ አውርዱት። እግራችሁ ቀጥ ካለ ልክ ነው። ስትነዱ በጣታችሁ ሥር ስለምትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ይላል፤ እንዲህ ነው የሚፈለገው።

ሄልሜት በሕግ የሚገደደው ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅ ነው። እኔ ግን ትልቁም ትንሹም ያድርግ እላለሁ። ግንባርን ሸፍኖ፣ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ቦታ ብቻ ይተው። ወደ ኋላ የተገፋ ሄልሜት ግንባርን አያድንም። ደወል ግዴታ ነው። ሲመሽ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራትም እንዲሁ። ማዳመጫ በሁለቱም ጆሮ ማድረግ በኒውዮርክ ሕግ አይፈቀድም፤ በአንዱ ብቻ ይቻላል። ፓርኩ ውስጥ ግን ሁለቱንም ጆሮ ክፍት ብትተዉት ይሻላል። ከኋላ የሚመጣውን የምታውቁት በጆሯችሁ ነው።

3. መቼ ልሂድ?

ፓርኩ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ክፍት ነው። ለጀማሪ ምርጡ ጊዜ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ነው። ማለዳ የሚሮጠውና የሚጋልበው ሥራ ገብቷል፣ ቱሪስቱ ገና አልበዛም።

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መንገዱ ባዶ ይመስላል፤ ግን ያ ሰዓት የልምምደኞች ነው። በቡድን ተጣብቀው በፍጥነት ያልፋሉ። ከፀደይ እስከ መኸር ባሉት ወራት አንዳንድ ቅዳሜና እሁድ ማለዳ የክለብ ውድድርም አለ። እነሱን ማየት ደስ ይላል፤ ለመጀመሪያ ዙር ግን አይሆንም። ቅዳሜና እሁድ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሕፃናት፣ ውሻ፣ ባለ ሦስት ጎማ ታክሲ፣ ፈረስ ጋሪ፣ ፎቶ የሚነሳ ሙሽራ። ያን ጊዜ ብትሄዱ ፍጥነታችሁ በእግር እንደሚሄድ ሰው ሲሆን ታገሡ።

በኅዳር የመጀመሪያው እሁድ የኒውዮርክ ማራቶን ነው። ያን ቀን ስለ ብስክሌት እርሱት፤ ሄዳችሁ የእኛን ልጆች አጨብጭቡላቸው። ሯጮቹ በ90ኛ ስትሪት ፓርኩ ውስጥ ገብተው፣ እኛ በብስክሌት በምንወጣው ኢስት ድራይቭ ላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከዚያ በ59ኛ በኩል ዞረው 67ኛ ስትሪት አጠገብ ይጨርሳሉ። ደራርቱ ቱሉ በ2009፣ ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም በ2010፣ ፍሬሕይወት ዳዶ በ2011፣ ሌሊሳ ዴሲሳ በ2018 ያሸነፉት በዚህ አስፋልት ላይ ነው። ታምራት ቶላ ደግሞ በ2023 በ2:04:58 የቦታውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዳገቱ ላይ እግራችሁ ሲዝል ይህን አስቡት፤ እነሱ እዚህ የደረሱት 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጠው ነው።

4. የመጀመሪያው ዙር፣ ክፍል በክፍል

ባቡር የምትይዙ ከሆነ ኮለምበስ ሰርክል ውረዱ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና 1 ቁጥር ይቆማሉ። ብስክሌት በሰብዌይ መያዝ በማንኛውም ሰዓት ይፈቀዳል፤ ሰው ሥራ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰዓት ላይ ግን አትሞክሩት።

*ደቡብ ጫፍ።* ከኮለምበስ ሰርክል ገብታችሁ ወደ ምሥራቅ የምትሄዱበት ክፍል የፓርኩ ገበያ ነው። ሜዳ ስለሆነ እግር አይፈልግም፣ ዓይን ይፈልጋል። የፈረስ ጋሪዎች እዚህ ይበዛሉ። ፈረስ ስትደርሱበት ደወል አትምቱ፣ ይደነብራል። ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ትታችሁ በግራ በኩል እለፉት። ቱሪስቱ ደግሞ ሕንፃውን እያየ ነው የሚሻገረው፤ እናንተን አያያችሁም። ፊቱን ወደ እናንተ ያላዞረ ሰው ሁሉ ይሻገራል ብላችሁ ገምቱ።

*ኢስት ድራይቭ እስከ ካት ሂል።* ወደ ሰሜን ስትታጠፉ በግራችሁ ትልልቅ የኤልም ዛፎች የተሰለፉበትን ሞል የሚባለውን መንገድ ታያላችሁ። መንገዱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይላል። እዚህ እግራችሁን አሙቁ። 72ኛን አልፋችሁ የጀልባውን ቤት በግራ ስትተዉ ካት ሂል ይጀምራል። አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። ማርሻችሁን ከዳገቱ በፊት አቅልሉ። ዳገቱ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ፣ ፔዳሉን በሙሉ ክብደት እየረገጣችሁ ብትቀይሩ ካቴናው ይንጫጫል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። አጋማሽ ላይ በግራ በኩል ቋጥኝ ላይ ቀና በሉና እዩ። ሊዘል ያደባ፣ የድመት ዘር የሆነ የነሐስ አውሬ አለ። ኤድዋርድ ኬሚስ የሚባል ቀራፂ የሠራው ነው፤ ከ1880ዎቹ ጀምሮ እዚያው አድብቶ አለ። የዳገቱ ስም የመጣው ከእሱ ነው።

ጫፍ ላይ ስትደርሱ በቀኝ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጀርባ፣ በግራ ደግሞ በ1881 የቆመው የግብፅ ሐውልት ነው። ዕድሜው ወደ 3,500 ዓመት ይጠጋል። አክሱምን ያየ ሰው ሳይቆም አያልፈውም። መቆም ከፈለጋችሁ ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ እዩ፣ ከዚያ በቀስታ ወደ ቀኝ ውጡና ከመንገዱ ላይ ውረዱ። መንገድ መሃል ቀጥ ብሎ መቆም እዚህ ፓርክ ውስጥ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

*ከ86ኛ እስከ 102ኛ።* ይህ የእረፍት ክፍል ነው። በግራ ትልቁ የውኃ ማጠራቀሚያ አለ። ውኃውን የሚዞረው ጠባብ የአሸዋ መንገድ የእግረኛና የሯጭ ብቻ ነው፤ በብስክሌት እንዳትገቡ። 90ኛ ስትሪት ላይ በቀኝ ኢንጂነርስ ጌት የሚባለው በር አለ። ሯጩም ጋላቢውም የሚቀጣጠረው እዚያ ነው፤ ጓደኛ የምትጠብቁ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። እዚህ ውኃ ጠጡ፣ ትንፋሻችሁን ሰብስቡ። የምትደክሙ ከመሰላችሁ 102ኛ ላይ ወደ ግራ ታጠፉ። ማንም አይታዘባችሁም።

*ቁልቁለቱና ሀርለም ሂል።* ከ102ኛ ካለፋችሁ መንገዱ ወደ ታች ይወርድና ወደ ግራ ይጠመዘዛል። የፓርኩ ፈጣኑ ቁልቁለት ይህ ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ይደነግጣል። ፍሬን መያዝ ያለባችሁ ኩርባው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ሁለቱንም እጅ በእኩል፣ ለስለስ አድርጋችሁ። ኩርባው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ፍሬኑን ልቀቁና ዓይናችሁን ወደምትሄዱበት ጣሉ። የግራ ፔዳላችሁ ከላይ፣ የቀኙ ከታች ይሁን። ወደ ግራ ስታዘነብሉ የግራው ፔዳል ታች ከሆነ አስፋልቱን ይነካና ይጥላችኋል። በቀኝ በኩል ሀርለም ሚር የሚባለው ሐይቅና በ2025 የተከፈተው አዲሱ የዋናና የበረዶ ሸርተቴ ማዕከል አሉ። ስለዚህ ልጆች ይሻገራሉ።

ከታች እንደደረሳችሁ መንገዱ ወደ ምዕራብ ይዞርና ሽቅብ ይነሳል። ሀርለም ሂል ይህ ነው። ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቁልቁለቱ ባገኛችሁት ፍጥነት ተታልላችሁ በከባድ ማርሽ አትግቡበት። የመጀመሪያው መቶ ሜትር ቀላል ይመስላል፤ ከዚያ ፍጥነቱ ሲያልቅ እግር ይታሰራል። ገና ከታች ማርሹን አቅልሉ፣ ተቀመጡ፣ ትከሻችሁን ልቀቁ፣ ቶሎ ቶሎ ግን በቀላሉ ርገጡ። መለኪያው ትንፋሻችሁ ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። አንድ ቃል ብቻ ከሆነ የሚወጣችሁ ቀንሱ። ጫፉን የሚደብቅ ኩርባ ስላለ አለቀ ስትሉ ይቀጥላል። ካቃታችሁ በቀኝ ጠርዝ ወጥታችሁ ግፉት።

*ዌስት ድራይቭ።* ዳገቱ አለቀ ብላችሁ ስትደሰቱ ስሪ ሲስተርስ የሚባሉት ሦስት ጉብታዎች ይመጣሉ። እያንዳንዳቸው ትንንሽ ናቸው፤ የሚያደክሙት ተከታትለው ስለሚመጡ ነው። እዚህ ብልሃት አለ። ከአንዱ ስትወርዱ ፔዳል አታቁሙ፤ ቀለል አድርጋችሁ ርገጡና ፍጥነቱን ይዛችሁ ወደ ቀጣዩ ውጡ። ከፊታችሁ ሰው ካለ ግን ይህን አትሞክሩ።

ከ80ዎቹ በታች መንገዱ ወደ ታች ያዘነብላል። ነፋሱ ፊታችሁን ሲመታ፣ በግራ ሐይቁ በዛፎቹ መሃል ብቅ ሲል፣ በእኔ እምነት የዙሩ ምርጥ ክፍል ይህ ነው። ግን 72ኛ ስትሪት ላይ ንቁ። በቀኝ የዘፋኙ የጆን ሌነን መታሰቢያ የሆነው ስትሮበሪ ፊልድስ ስላለ ጎብኚው በጅምላ ይሻገራል። ቁልቁለቱና የሰው ጎርፉ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ በፊት ፍጥነታችሁን ጨርሱ። 67ኛን ስታልፉ ኮለምበስ ሰርክል ቅርብ ነው። አንድ ዙር ጨረሳችሁ።

5. ከሰው ጋር መንዳት

እግረኛ ቅድሚያ አለው። ይህ ድርድር የለውም። በ2014 በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ሁለት እግረኞች በፓርኩ ውስጥ በብስክሌት ተገጭተው ሞተዋል። በዚያው ዓመት የፍጥነት ወሰኑ ከ25 ማይል ወደ 20 ማይል ወረደ። በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ዝቅ ያለ ምልክት ካያችሁ የሚገዛችሁ ምልክቱ ነው። የእግረኛ መሻገሪያ ላይ ሰው ከቆመ ቁሙለት። አረንጓዴ ነው፣ ቢጫ ነው ብላችሁ አትከራከሩ።

መንገዱ ላይ ለእግረኛ፣ ለዝግተኛ ብስክሌትና ለፈጣን ብስክሌት የተለያየ መስመር ተቀብቷል። መሬቱ ላይ ያለውን ሥዕል ተከተሉ። ጀማሪ የዝግተኛውን መስመር ይያዝ።

ከሁሉ በላይ ቀጥ ብላችሁ ንዱ። ከኋላችሁ የሚመጣው ሰው ሊያልፋችሁ የሚችለው የት እንደምትሆኑ ሲያውቅ ነው። ኩሬ ለመሸሽ ወይም ጓደኛ ለማየት ድንገት ወዲህና ወዲያ ካላችሁ ይገጫችኋል። መስመር ከመቀየራችሁ በፊት በትከሻችሁ ላይ ወደ ኋላ እዩ። ይህን ሳትወላውሉ ማድረግ ልምምድ ይጠይቃል፤ ባዶ ቦታ ላይ ደጋግሙት።

ስታልፉ በግራ በኩል እለፉና ቀደም ብላችሁ «ኦን ዩር ሌፍት» (በግራህ በኩል እያለፍኩ ነው) በሉ፤ በደህና ድምፅ፣ ቁጣ ሳይሆን። ደወልም ይሆናል። እናንተን ሲሉ ደግሞ ወዴትም አትሽሹ። ቀጥ በሉ፣ እሱ ያልፋል።

እኛ ሐበሾች በቡድን ስንሄድ ጨዋታ እንወዳለን። ሕጉ ከሁለት በላይ ጎን ለጎን መንዳት አይፈቅድም። ሰው ሲበዛ ደግሞ ሁለቱም ወደ አንድ ይሰለፉ። ወሬውን ኢንጂነርስ ጌት ላይ ቆማችሁ አውሩት። ከሦስት በላይ ከሆናችሁ መገናኛ ቦታ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ሁሉም በራሱ አቅም ይንዳ። ደካማውን ከጎበዙ ጋር ማስሮጥ ደካማውን ከብስክሌት ያስጠላዋል።

6. ከአንድ ዙር ወደ ልምምድ

መንገዱን ካወቃችሁ በኋላ ሰዓት መያዝ ትችላላችሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 10 ማይል ከሄዳችሁ ሙሉ ዙሩ 37 ደቂቃ ይፈጃል። 12 ማይል ከሆነ 30 ደቂቃ፣ 15 ማይል ከሆነ 24 ደቂቃ። በ20 ማይል 18 ደቂቃ ነው። ከ18 ደቂቃ በታች ዞርኩ የሚል ሰው ወሰኑን አልፏል ማለት ነው። ጤናማ ጎልማሳ ግቡን ከ24 እስከ 30 ደቂቃ ቢያደርግ ይበቃዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የደቡቡን ትንሽ ዙር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ዙሩ፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ቀጥሎ በ102ኛ አቋራጭ ያለውን መካከለኛ ዙር። ሰውነታችሁ ሲቀበለው ሙሉውን። ሙሉውን ሁለት ጊዜ ስትዞሩ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሥራ ላይ ለሚውል ሰው ይህ ጥሩ ልምምድ ነው። ሁለተኛውን ዙር ከመጀመሪያው እኩል ወይም በትንሹ ፈጠን ብላችሁ ለመጨረስ ሞክሩ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ይሮጥና ሀርለም ሂል ላይ ይቀራል።

ጉልበት መጨመር ስትፈልጉ ዳገቶቹን ተጠቀሙ። ካት ሂልና ሀርለም ሂል ላይ ጠንከር በሉ፣ ሌላው ቦታ ላይ ቀለል አድርጉ። በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ትንፋሽ ትጨርሳላችሁ፣ በቂ ረፍትም ታገኛላችሁ። ቁልቁለትና ሜዳ ላይ ፍጥነት ከመጨመር ይልቅ ይህ ለእናንተም ለእግረኛውም ይሻላል። ዳገት ላይ ማንም በ32 ኪሎ ሜትር አይገጭም።

የምትጾሙ ከሆነ ልምምዱን ወደ ማታ አድርጉት፣ ወይም በባዶ ሆድ ትንሹን ዙር ብቻ ዙሩ። ሀርለም ሂል ላይ ዓይን ሲጨልም መውረጃው ቅርብ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙቀቱና እርጥበቱ ስለሚከብድ ለአንድ ዙርም ቢሆን አንድ ኮዳ ውኃ ያዙ። ፓርኩ ውስጥ የመጠጥ ውኃ ቧንቧዎች አሉ፤ የብርዱ ወቅት ሲገባ ግን ይዘጋሉ።

7. አንድ ነገር ቢሆንስ?

ጎማ ሊተነፍስ ይችላል። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ ፕላስቲክ እና ትንሽ መንፊያ ከመቀመጫ ሥር በምትንጠለጠል ቦርሳ ይገባሉ። መቀየሩን ቤት ውስጥ ተለማመዱ። ካልቻላችሁም አትጨነቁ፤ ፓርኩ ጠባብ ስለሆነ ከየትኛውም ቦታ ገፍታችሁ በደቂቃዎች ጎዳና ላይ ትወጣላችሁ።

ሰው ቢጎዳ 911 ትደውላላችሁ። «የት ነው ያላችሁት?» ይላሉ። ዛፍ ብቻ በሚታይበት ቦታ ምን ትላላችሁ? እዚህ ላይ ትልቅ ዘዴ አለ። በአቅራቢያችሁ ያለውን የመብራት ምሰሶ እዩ። አራት ቁጥር ያላት ትንሽ ሳህን ተለጥፋበታለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች በቅርብ ያለውን ስትሪት ይናገራሉ። የመጨረሻው ቁጥር ሙሉ ከሆነ በምሥራቅ በኩል፣ ጎዶሎ ከሆነ በምዕራብ በኩል ናችሁ። ለምሳሌ 7532 ቢል 75ኛ ስትሪት፣ ምሥራቅ ማለት ነው። ቁጥሩን እንዳለ አንብቡላቸው።

የወደቀ ሰው ራሱን ከመታ፣ ደህና ነኝ ቢልም ብስክሌት ላይ መልሳችሁ አታስቀምጡት። ሄልሜቱም አንዴ ከተመታ አይደገምም፣ ይጣላል።

8. ዝናብና ብርድ

ዝናብ ሲጥል የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አስፋልቱ ይበልጥ ያንሸራትታል። በቀለም የተቀባው የእግረኛ መሻገሪያ ከሌላው የባሰ ነው፤ ቀለሙ ላይ ፍሬን አትያዙ፣ አትታጠፉ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የረገፈው እርጥብ ቅጠልም እንደዚያው ያንሸራትታል። ቢያምርም ኩርባ ላይ ተጠንቀቁ።

በብርድ ወቅት የሚያስቸግረው እግር አይደለም፤ ጣትና ጆሮ ነው። ነፋስ የማያስገባ ጓንትና ከሄልሜት ሥር የሚገባ ስስ ኮፍያ ይበቃችኋል። ደረታችሁ ላይ ሦስት ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም ጃኬት ይሻላል። ሀርለም ሂል ላይ ሲያልባችሁ አንዱን ትከፍታላችሁ፣ ስሪ ሲስተርስ ላይ ትዘጋላችሁ። ስትነሱ ትንሽ ከበረዳችሁ ልክ ለብሳችኋል።

በረዶ ከጣለ በኋላ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው ካቴናን ይበላል። ቤት እንደገባችሁ ካቴናውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ በደረቅ አድርቁት፣ ጥቂት የብስክሌት ዘይት ጠብ አድርጉበትና ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞራችሁ አዳርሱት። የተረፈውን ዘይት በጨርቅ አንሱለት፤ አለበለዚያ ሌላ ቆሻሻ ይሰበስባል።